ቃሉን እንጥራ፤ ትርጉሙን እንወቅ

ነቀምቴም ሆነ ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎም ሆነ ሻምቡ፣ በገበያ ቀን ወደ ስልክ ሱቅ የሚገባው ሰው ብዙ ነው። አንዱ ቻርጀር ይገዛል። ሌላዋ ሲም ካርድ ታወጣለች። ቃሉን ለመጥራት አፍሮ «ያንን ስጠኝ» እያለ በጣቱ የሚያሳይም አለ። ማፈር አያስፈልግም። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል።

ዛሬ ሁለት ፊደላትን እንለማመድ። እነሱም «ፐ» እና «ቨ» ናቸው።

መጀመሪያ «ፐ»። መዳፋችንን ወደ አፋችን እናቅርብ። ከንፈራችንን ገጥመን «ፐ» እንበል። ትንፋሹ መዳፋችንን ይመታዋል። «በ» ስንል ግን ትንፋሹ ያንሳል። አሁን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብብ፦

ፒን። ፓ-ስ-ወ-ር-ድ። ኮ-ም-ፒ-ዩ-ተ-ር።

«ቢን»፣ «ባስወርድ»፣ «ኮምቢተር» አንበል።

ቀጥሎ «ቨ»። መልኩ እንደ «በ» ነው። አናቱ ላይ ሰረዝ አለው። ድምፁ ግን ለ«ፈ» ይቀርባል። የላይኛውን ጥርስ በታችኛው ከንፈር ላይ አድርገን «ፈ» እንበል። አሁን ጥርሳችንን ሳናነሳ እንደ ንብ ድምፅ እናሰማ። «ቨ» ወጣ ማለት ነው። እናንብብ፦

ቪ-ዲ-ዮ። ቴ-ሌ-ቪ-ዥ-ን።

እነዚህ ድምፆች ለምን ያስቸግራሉ? በአፋን ኦሮሞ «ፐ» እና «ቨ» የሚገኙት ከውጭ በመጡ ቃላት ነው። በአማርኛም «ቨ» የተጨመረው የውጭ ቃል ለመጻፍ ነው። ስለዚህ ነገሩ የምላስ ልማድ እንጂ የእውቀት ጉድለት አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪም የእኛ «ቀ» ያስቸግረዋል። ነቀምቴን «ነከምቴ» ይላታል።

የቃሉ ባለቤቶችም ሁልጊዜ አይስማሙም። እንግሊዞች «ሞባይል» ሲሉ አሜሪካኖች «ሞብል» ይላሉ። እኛም በአማርኛ «ስልክ»፣ በአፋን ኦሮሞ «ቢልቢላ» ብንል ባለሱቁ ይሰማናል።

አንዳንድ ቃል ደግሞ አገራችን ሲገባ ሌላ ትርጉም ይጨምራል። በእንግሊዝኛ «ባትሪ» ማለት ኃይል የሚያጠራቅመው ዕቃ ነው። እኛ ግን በሌሊት መንገድ የምናበራበትንም «ባትሪ» እንላለን። ስለዚህ ሱቅ ስንገባ «የስልክ ባትሪ» ብለን እንለይ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን «ፒን» የሚለው ቃል ነው። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ቡናውን ሽጦ ገንዘቡን በስልክ የሚቀበል ሰው አለ። የዚህ ገንዘብ ቁልፍ ፒን ነው። ፒን ማለት የምሥጢር ቁጥር ማለት ነው።

የማናውቀው ሰው ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ ፒንዎን ይንገሩኝ» ቢል ምን እናደርጋለን? ቃሉን የማያውቅ ሰው ቁጥሩን ይነግረዋል። ገንዘቡም ይሄዳል። ቃሉን ያወቀ ግን ስልኩን ይዘጋል። የጎተራችንን ቁልፍ ለመንገደኛ አንሰጥም። ፒንም እንዲሁ ነው። «ከመሥሪያ ቤቱ ነው የምደውለው» ቢለንም አንስጥ።

አጠራራችን ቢሳሳት ባለሱቁ ያርመናል። ትርጉሙን ብንስት ግን ገንዘባችንን እናጣለን።

መልመጃ

1. «ፒን» እና «ቢን» ብለን እንጥራ። በየትኛው መዳፋችን ላይ ብዙ ትንፋሽ ተሰማን?
2. «ቪዲዮ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ እንጻፍ።
3. ፒን ምንድን ነው? ለማን ይነገራል? ቤት ውስጥ ላልተማሩት እናስረዳ።