የማመልከቻው ቀን ከመቼ ይቆጠራል?

በየማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሎ እናያለን። የአገልግሎቱ ዓይነት፤ የሚጠየቀው ማስረጃ፤ የሚከፈለው ገንዘብ፤ ሥራው የሚፈጀው ጊዜ በየዓምዱ ተከፍሎ፣ በቀለም አሸብርቆ ተጽፎበታል። የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የተባለው ዘመቻ ካለፈ፣ ከዚያም የዜጎች ቻርተር የተባለው ከመጣ ወዲህ ሰሌዳ የሌለው መሥሪያ ቤት የለም ለማለት ይቻላል። ሰሌዳው መልካም ነው፤ አንጠላውም። እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቀን ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል?

ጥያቄውን የተማሪ ነገር ማንዛዛት ነው ብሎ የሚያልፍ እንዳይኖር ከሥሩ እንጀምር። አንድ ሰው በይዞታው ላይ ቤት ሊሠራ አሰበ እንበል። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን፤ የግብር ደረሰኙን፤ በባለሙያ የተነሣውን ፕላን፤ መታወቂያውን ይዞ ወደ መስኮቱ ይቀርባል። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሠራተኛ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ ያደርግና «ይህ ይጐድላል» ይለዋል። ምን እንደ ጐደለ በቃል ይነገረዋል እንጂ አይጻፍለትም። የጐደለውን አሟልቶ በሳምንቱ ሲመለስ በወንበሩ ላይ ሌላ ሠራተኛ ተቀምጧል፤ እርሱ ደግሞ ሌላ ጐዶሎ ያገኝለታል። በሦስተኛው ጊዜ ኀላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በአራተኛው መብራት የለም። እንዲህ እንዲህ ሲል ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ማመልከቻው አንድ ቀን «ተሟልቷል» ይባልና መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ይመታበታል። የሰሌዳው ቀን መቆጠር የሚጀምረው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው! ፈቃዱ በዚያው ሳምንት ቢሰጥ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ «ባለጉዳዩ በስታንዳርዱ መሠረት ተስተናግዷል» ተብሎ ይጻፋል። ሪፖርቱም አልዋሸም፤ ያለፉት ሁለት ወራት በየትም መዝገብ ላይ የሉምና።

በሽታው እዚህ ላይ ነው እንላለን። ስለ ጉቦ ብዙ ተብሏል፤ የዓለም ባንክ በ2012 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ስላለው ሙስና ባሳተመው ጥናት የመሬት ጉዳይ በእጅጉ ከተጋለጡት ዘርፎች አንዱ መሆኑን ገልጿል፤ ለዚህም የባንክ ጥናት የሚያስፈልገው ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለንም። ነገር ግን ስለ ጉቦ የሚሰብኩ ሰዎች ሁሉ ሰጪውን ይወቅሳሉ፣ ተቀባዩን ይረግማሉ፣ የሚሸጠው ዕቃ ምን እንደሆነ ግን አይጠይቁም። የሚሸጠው ዕቃ ያ ያልተመዘገበው ሁለት ወር ነው። ማንም ያልጻፈውን ቀን ማሳጠርም ማስረዘምም የሚችለው ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ቀኑ የእርሱ ሀብት ይሆናል። ሐቀኛው ሠራተኛ ሀብቱን ሳይሸጠው ያድራል፤ ሌላው ይሸጠዋል፤ ሕዝቡ ግን ከሁለቱ የትኛው እንደ ገጠመው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በሩ ላይ የሚቆመው ደላላም የሚኖረው በዚህ ነው። ሕዝባችን ይህን ሰው «ጉዳይ ገዳይ» ይለዋል። አንዳንድ ጊዜ የሕዝብ አፍ ከመዝገበ ቃላት ይልቃል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 በከተማ ውስጥ ያለ ልማት ፈቃድ ምንም ዓይነት ግንባታ እንዳይካሄድ ደነገገ። በማግሥቱ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች የሕንፃ ሹም እንዲኖር፤ ሕንፃዎች በሦስት ምድብ ተከፍለው እንዲመረመሩ፤ በሹሙ ውሳኔ ቅር የተሰኘም ለይግባኝ ሰሚ ቦርድ አቤት እንዲል አደረገ። በወረቀት ላይ ሲታይ ምን ይጐድለዋል? ይግባኝ ግን የሚባለው በውሳኔ ላይ ነው። «ነገ ተመለስ» ውሳኔ አይደለም። «ፋይሉ ኀላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው» ውሳኔ አይደለም። ሹሙ እምቢ ቢል ሰውየው ቦርድ ፊት ይቆም ነበር፤ ዝም ያለ ሹም ግን በማን ይከሰሳል? ስለዚህ ዝምታ ከእምቢታ ይልቅ ለሹሙ የተመቸ ሆነ ማለት ነው፤ ነገሩን የሚያውቅ ሁሉ እምቢ የሚባለውን ትቶ ዝም ይላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 አስፈጻሚዎች ለውሳኔያቸው ምክንያት እንዲሰጡ ሲያዝ የተናገረው ስለ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ ስለ አዲስ አበባና ስለ ድሬዳዋ ነው። ጎንደር በዚያ ስም ዝርዝር ውስጥ የለችም።

እንዲህ ያለውን ነገር ከጎንደር ይልቅ ማን ሊያውቀው ይገባ ነበር? የፋሲል ግቢን ዙሪያ የሚያውቅ ሰው ከበሮቹ አንዱ ወንበር በር መባሉን ያውቃል፤ የፈራጆች በር ነው። ባለጉዳይ ከአገር ቤት ስንቁን ቋጥሮ መጥቶ፣ ከበሩ ሥር ደጅ ሲጠና የከረመበት ዘመን ነበር። ከንቲባ የሚለው ሹመትም አዲስ አበባ ከመቆርቈሯ በፊት በጎንደርና በደምብያ ያረጀ ስም ነው፤ ጣልያን ከወጣ በኋላም በ1934 ዓ.ም. የአገር ግዛት አስተዳደር ሲደነገግ በከንቲባ እንዲመሩ ተለይተው የተጠቀሱት አዲስ አበባና ጎንደር ነበሩ። ከዚያ በፊት በወረራው ጊዜ ቦዚዮ የተባለው የጣልያን አርክቴክት ለጎንደር ፕላን ሲያወጣ ነጩንና ጥቁሩን በየሰፈሩ ለይቶ ነው፤ የአገሩ ሰው አስተያየት ይስጥበት ያለ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሲሆን ለአንድ ቤተሰብ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ተፈቀደ፤ ቀበሌ የሚባልም ተቋቋመ። ንጉሡ ሄዱ፤ ደርግ ሄደ፤ ሊዝ መጣ። በሩ ሥር የሚጠናው ደጅ ግን ከዘመን ዘመን ተላልፎ አለ። የተለወጠው፣ ድሮ ባለጉዳይ የሚቀመጠው በዋርካ ጥላ ሥር ነበር፤ ዛሬ በኮሪደር ላይ ነው።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ስንት ነው ለሚለን መልሱ በኰረብታው ላይ ነው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የጎንደር ሕዝብ 112,249 ነበር። በ1999 ዓ.ም. 207,044 ሆነ። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ የሕዝብ ቈጠራ አልተደረገም፤ ዛሬ ስንት እንደሆነ በዐይን ማየት ብቻ ነው ያለን። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እጥፍ ሊሆን የተቃረበ ከተማ ፈቃድ እስኪመጣ ቆሞ አይጠብቅም። የሊዝ ጨረታው ለደኻ አይቀመስም፤ በምደባ የሚሰጠው ቦታ ተራው አይደርስም፤ ስለዚህ ሰው ወደ ከተማው ዳር ወጥቶ ከገበሬው ላይ በእጅ ጽሑፍ ይገዛና በአንድ ሌሊት ቆርቆሮ ይመታል። «የጨረቃ ቤት» ይሉታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ማለዳ አፍራሽ ግብረ ኀይል ይመጣል፤ እናት ልጆቿንና ድስቷን ይዛ ሜዳ ላይ ትቀራለች፤ በማግሥቱ ስለ ሕገ ወጥ ግንባታ መግለጫ ይሰጣል። ሕገ ወጥ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ሕጋዊውን በር ዘግቶ በሕገ ወጡ በር የገባውን ብቻ መቅጣት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ደግሞስ ማመልከቻ አስገብቶ ዓመት የጠበቀውን ሰው ጭራሽ ካላመለከተው ለይቶ የሚያሳይ መዝገብ በአፍራሹ እጅ አለ ወይ?

ፈቃድ ይቅር የሚል ቢኖር እኛ ከርሱ ጋር አይደለንም። ጎንደር በአንገረብና በቀሃ መካከል በጠባብ ጀርባ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከላይኛው ቤት የሚወርደው ፍሳሽ የታችኛውን ቤት ጕድጓድና ወንዙን ይነካል። ለዚህ ኮሌጅ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ያሠለጠናቸው የጤና ባለሙያዎች መጸዳጃ ቤቱ ከውኃው ጕድጓድ ምን ያህል ይርቃል እያሉ በየቤቱ ይዞሩ ነበር፤ ዛሬም ፕላን የሚመረመረው በመጀመሪያ ለዚህ ነው። የፋሲል ግቢ ደግሞ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በአጠገቡ የሚቆም ፎቅ ሁሉ የሠሪው ብቻ ጉዳይ አይደለም። እንግዲያውስ ከቅጥሩ ማዶ ፎቅ ለመሥራት የቀረበ ማመልከቻ ሲኖር ከተማው አስቀድሞ ማወቅ አይገባውም ወይ? እኛ ግን የምናውቀው የመሠረቱ ጕድጓድ ከተቈፈረ በኋላ ነው።

ወደ ደጋውም ቢወጡ ጉዳዩ ያው ነው። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ የወጣው የግጭ ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ ከወረዱ በኋላ ነው። እነዚህ ሰዎች በአገራቸው ሳሉ ጎጆ ሲቀልሱ ማገሩን የሚያቀብላቸው ጎረቤት እንጂ ማኅተም የሚመታላቸው ሹም አያስፈልጋቸውም ነበር። የዓለም መዝገብ ስለ ዋልያው ይመረመራል፤ የተነሣው ገበሬ ማመልከቻ የት እንደ ደረሰ የሚመረምረው ማን ነው?

አሁን የሚነሡብንን ክርክሮች እናውቃቸዋለን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ጦርነት እያለ ስለ መዝገብ ማውራት ቅንጦት ነው ይሉናል። ከገጠር ሸሽቶ ከተማ የገባው ሰው የሚያድርበት ጣራ ይፈልጋልና መዝገቡ ይበልጥ የሚያስፈልገው አሁን ነው። መሐንዲሱ ጥቂት ነው፤ ደመወዙም አያኖረውም ይሉናል። ይህ እውነት ነው፤ ስለ ሠራተኛው ደመወዝ የሚጻፍ ጽሑፍ ቢመጣ አስቀድመን የምንፈርመው እኛ ነን። ቀን መጻፍ ግን መሐንዲስ አይጠይቅም። ሌሎቹ ደግሞ ኮምፒዩተር ይመጣል፣ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንደ ተከፈተው መሶብ ሁሉ ነገር በአንድ አዳራሽ ያልቃል ይላሉ። ይምጣ! ነገር ግን መሣሪያው የሚያውቀው የነገሩትን ነው፤ ሠራተኛው ማመልከቻውን «ተሟልቷል» እስኪል ድረስ ካልነገረው ኮምፒዩተሩም እንደ ሰሌዳው ሁለቱን ወር አያውቃቸውም።

የውጭ አገር ነገር ሁሉ መልካም ነው የሚሉ ወገኖች አይደለንም፤ ግን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እንግሊዞች በ1947 እ.ኤ.አ. ባወጡት የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት የማመልከቻዎችን መዝገብ ይዞ ለማንም ሰው ክፍት እንዲያደርግ አዘዙ። ጎረቤቱ፤ ተከራዩ፤ ጋዜጠኛው ገብቶ ያነብባል። በዛሬው ሥርዓታቸው ለተራ ማመልከቻ 8 ሳምንት፣ ለትልቁ 13 ሳምንት ተቈርጧል፤ ቀኑ ካለፈ ሰውየው እምቢ እንደ ተባለ ሁሉ ይግባኝ ይላል። ፈረንሳዮች ከዚህም አልፈው ለተራ ቤት በተወሰነው ጊዜ ዝም ያለ ማዘጋጃ ቤት እንደ ፈቀደ ይቈጠራል ይላሉ። ይህኛውን ለፋሲል ግቢ ዙሪያ አንመኘውም። የእንግሊዙ ግን ከእኛ አቅም በላይ አይደለም፤ አንድ ባለመስመር ደብተርና አንድ የቀን ማኅተም ነው።

የምንጠይቀውም ይህንኑ ነው። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መስኮቱ ጋ የቀረበበት ቀን ይጻፍ፤ ወረቀቱ ቢጐድልም ይጻፍ፤ የጐደለውም ከቀኑ በታች ተዘርዝሮ ቁጥር ካለው ደረሰኝ ጋር ለሰውየው ይሰጠው። ሁለተኛው ሠራተኛ የመጀመሪያው ያልጠየቀውን አዲስ ጐዶሎ ሊጨምር ቢፈልግ በፊርማው ይጨምር። በየዓርቡ የማመልከቻዎቹ ቁጥር፣ የቦታው ቀበሌ፣ የገባበት ቀንና ዛሬ በማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ከዚያ ካማረው ሰሌዳ ጎን ይለጠፍ። ቀኑ ያለፈበት ማመልከቻ እምቢ እንደ ተባለ ተቈጥሮ ወደ ቦርዱ ይሂድ። ለዚህ የክልሉን ምክር ቤት የሚጠይቀው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ የቀሩትን አንድ ከንቲባ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ሊያዛቸው ይችላል።

እኛም የምናደርገው አለን። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ መረጃ ሲጠይቅ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ደንግጓል። ኅብረታችን በዚህ አዋጅ መሠረት ባለፈው ዓመት ስንት የግንባታ ማመልከቻ እንደ ገባ፣ ስንቱ እንደ ተፈቀደ፣ ስንቱ በጽሑፍ እምቢ እንደ ተባለና ስንቱ መልስ እንዳላገኘ በደብዳቤ ይጠይቅ። የሕግ ተማሪዎች ደብዳቤውን ያርቅቁ፤ መምህሮቻቸው ይመልከቱት። ማመልከቻ መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች ደግሞ ቅዳሜ ጧት ያለ ዋጋ የሚጽፉ ተማሪዎች ስማቸውን ለኅብረቱ ጸሐፊ ይስጡ፤ በዚያውም ቀኑን በራሳችን ደብተር እንመዘግባለን። ማዘጋጃ ቤቱ ተሳስታችኋል ቢለን መልሱን አንድ ፊደል ሳንቀንስ በዚችው ወረቀት ላይ እናወጣዋለን፤ የደረሰበትንም ቀን ከራሱ ላይ እንጽፍበታለን።