ጎንደር ስንሄድ ሻንጣው ይቅለል



በኔታንያ ታሃና መርካዚት ጥቂት ቁጭ ያለ ሰው፣ ወደ ጎንደር ሊሄድ የተነሳውን ወገናችንን በሻንጣው ይለየዋል። በዙሪያው ካሉት ሱቆችና ከሹክ የተገዛ ቲሸርት፣ ጫማ፣ የልጅ ቁምጣ። እኛም እንዲሁ አድርገናል። ይሄ ለእህት ልጅ፣ ያ ለአጎት እያልን ሞልተን፣ ሻንጣው ላይ ተቀምጠን ነው ዚፑን የዘጋነው። ልብሱን ገልበጥ አድርገው ቢያዩት ግን የተሠራው ቻይና ነው። ያው ልብስ ጎንደር ገበያም አለ።

ይህ ልማድ ቢቀር እንላለን። ስጦታ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ብሩ እዚያው ይውጣ ነው የምንለው።

ሀዋሳ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ትልቅ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፍቶ ብዙ ሺህ ሴት ልጆች ልብስ ይሰፉ ነበር። ገበያው አሜሪካ ነበር፤ አጎዋ በሚባለው ሕግ የአፍሪካ ልብስ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። በትግራይ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከዚህ ዕድል አስወጣች። ፒቪኤች የሚባለው ትልቁ ኩባንያ ገና ኅዳር 2021 ላይ መውጣቱን አስታውቆ ነበር። ጦርነቱን ያልጀመረችው ልጅ መርፌዋን አስቀምጣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሩዋንዳም ልባሽ ጨርቅ አናስገባም ብላ ቀረጥ ብትጨምር፣ በ2018 አሜሪካ የልብሷን ከቀረጥ ነፃ መብት አገደችባት። አስቡት፣ በአሮጌ ልብስ ጠብ!

በሚያዝያ 2025 ደግሞ አሜሪካ በአብዛኞቹ አገሮች ላይ ቀረጥ ስታውጅ ኢትዮጵያ 10 በመቶ፣ እስራኤል 17 በመቶ ደረሳቸው፤ የእኛው ነሐሴ ላይ 15 ሆነ። እዚህ ፋብሪካ ሠራተኛ ቢቀንስ ሰው ቢቱዋህ ሌኡሚ ይሄዳል። እዚያ ግን ወደ ዘመድ ስልክ ይደወላል። ስልኩ ሲጮህ «እነዚህ ደግሞ መለመን ለመዱ» የምንል አለን፤ እኛም ብለናል፣ እውነቱን ለመናገር።

እንግዳ ላይ ግን ቀረጥ የሚጥል የለም። ሸሚዝ ባሕር ተሻግሮ የሌላ አገር ጉምሩክ ያልፋል፤ እንግዳ ግን ዶላሩን ራሱ ይዞ አልጋው ድረስ ይመጣል። ይህን ለእኛ ማን ያስረዳናል? ስንቶቻችን ነን እዚህ ባሕሩ ዳር ባሉት ሆቴሎች አንሶላ ስናነጥፍ የኖርን! አንድ ክፍል ሲያዝ ስንት ሰው እንደሚበላ እናውቃለን፤ እንቁላል ሻጩ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ዘበኛው፣ ሹፌሩ።

ጎንደር ደግሞ እንግዳ የሚጠራ ነገር አላጣችም። የፋሲል ግንብ ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ነው። ኮረብታው ላይ ካለው ጎሃ ሆቴል ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ማየት ለልጆቻችን ከመዋኛ ገንዳ ይበልጣል፤ እነሱ ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት ገንዳውን ነው። ሆቴልን ሆቴል የሚያደርገው የማይቋረጥ ውሃ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ እንግዳ ሲመጣ ብድግ የሚል ሰው ነው። ብዙዎቻችን ግን አዲስ አበባ ትልቅ ሆቴል እናድርና ጎንደር ዘመድ አይተን፣ መቃብር ተሳልመን፣ ወዲያው እንመለሳለን። ቢያንስ ሦስት ሌሊት እንደር። ወለቃም ወረድ ብለን፣ እናቶቻችን ይሠሩት የነበረውን የሸክላ ሥራ ዛሬ ከያዙት ጎረቤቶች እንግዛ። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከ60 በታች የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፏል። ዶላር ይዞ በ20 ብር መከራከር ያሳፍራል።

ሰላም ከሌለ ይህ ሁሉ ወሬ ነው፤ እናውቃለን። በነሐሴ 2023 እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ማውጣቷን አልረሳንም። ስለዚህ ነገ ተነሱ አንልም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ማስጠንቀቂያ እዩ፣ እዚያ ያለውን ዘመድ ጠይቁ፣ ሽማግሌና ሕፃን ይዞ መንገድ መግባት ቀልድ አይደለም።

ቀኑ ሲደርስ ግን መድኃኒትና መነጽር ይዘን፣ የቀረውን ሻንጣ ባዶ አድርገን እንሂድ። ጎንደር ያደራችሁ ደግሞ ውሃውና አልጋው ጥሩ የሆነበትን ሆቴል ስም እዚህ ጻፉልን።