ማሽን ለበላው እጅ ማን ይከፍላል?

በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ በኢትዮጵያ ሕግ ሁለት በር አለው፤ አንዱ አሠሪው፣ ሌላው የጡረታ ፈንዱ። የመጀመሪያውን የሚከፍተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ነጻ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ሲጥስ ወይም ሰክሮ ሥራ ሲገባ ነው። የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው ከሥራ ውጭ ሆኖ ለሚቆይበት ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት 75 በመቶውን፣ ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ግማሹን ያገኛል። በዓመቱ ይህ ክፍያ ይቆማል።

ሁለተኛው በር ለግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 የተደነገገው ጡረታ ነው። አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጡበታል። ለሌላው የጡረታ አበል የአገልግሎት ዘመን ይቆጠራል፤ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ግን አይቆጠርም፤ በተቀጠረ በወሩ የተጎዳም መብቱ ያው ነው። በምዕራብ ጎጃም፣ ቡሬ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ከእንግዲህ መሥራት አይችልም ተብሎ በሕክምና ቦርድ ከተረጋገጠ የደመወዙን 47 በመቶ፣ 2,820 ብር፣ በየወሩ ይቀበላል። ጣቱን አጥቶ መሥራት የሚችል ከሆነ፣ ጉዳቱም ከ10 በመቶ ካላነሰ፣ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት አለው። ቢሞት ለሚስቱ የአበሉ ግማሽ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይደርሳል። ሒሳቡ ሁሉ የሚነሣው በፔሮል ላይ ከሰፈረው ደመወዝ ስለሆነ፣ መዋጮ ለመቀነስ ሲባል ደመወዙ አንሶ የተጻፈለት ሠራተኛ የሚጎዳው ሁለት ጊዜ ነው።

የምዕራብ ጎጃም አደጋ ግን የሚበዛው ፔሮል በሌለበት ነው። በጃቢ ጠህናን በቆሎ ከተሰበሰበ በኋላ መፈልፈያ ማሽን ከአውድማ አውድማ ይዞራል። የሚያጎርሰው አንዳንዴ የቀን ሠራተኛ፣ አንዳንዴ በወንፈል የመጣ ጎረቤት ነው። ለጥቂት ቀን የተቀጠረው ጡረታ ውስጥ አይገባም፤ ጎረቤቱ ደግሞ አሠሪ የሚባል ሰው እንኳ የለውም። ሲጎዳ ያለው ዕድሩና ዘመዱ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቀን ሠራተኛውን ጨርሶ አልረሳውም። በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው አሠሪው የአምስት ዓመት ደመወዙን እንዲከፍል ያዝዛል፤ ቢሞት ያው ገንዘብ ለጥገኞቹ ይከፋፈላል። የሥራ ውል በቃል ቢሆንም ይጸናል፤ ወረቀት አለመኖሩ መብቱን አያሳጣውም። ችግሩ ከፋዩ ዘንድ ነው። አንድ መፈልፈያ ያለው ሰው ይህን ዕዳ ማሽኑን ሸጦም ላይወጣው ይችላል። የተፈረደለትም የማይፈጸም ፍርድ ይዞ ይመለሳል።

መውጫው ከመኪና መድን ሊቀዳ ይችላል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ መኪና ሁሉ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን የመግባት ግዴታ አለበት፤ መድን በሌለው መኪና ለተገጨ ሰው እንኳ የካሳ ፈንድ ተቋቁሟል። የመፈልፈያና የወፍጮ ባለቤቶችም ፈቃድ ሲያወጡና ሲያሳድሱ ተመሳሳይ መድን ቢጠየቁ፣ አረቦኑ በኩንታል ከሚቀበሉት ክፍያ ላይ የሚጨመር ትንሽ ወጪ ይሆናል። በወንፈል የመጣውም ጎረቤት ይሸፈናል፤ መድኑ የሚከተለው ማሽኑን እንጂ የቅጥር ውሉን አይደለምና።