ሥራው የሚጠይቀውን ያህል ቋንቋ

ቋንቋ መማር ለፈለገ ሰው የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ሄደህ ከሰዎቹ ጋር ኑር፤ ሳታውቀው ትለምደዋለህ።» ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለው አቃቂ በሰቃ ይህን ምክር ለመፈተን ይመቻል። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በዚህ አልፎ ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የህንድ ባለሀብቶች ያቋቋሙት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከየአቅጣጫው ሠራተኛ ሰብስቧል። ዙሪያው ኦሮምኛ የሚነገርበት ገጠር ነው። በቅርቡ ደግሞ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከመሀል ከተማ ብዙ ሰው አምጥቶ አስፍሯል። እዚህ የሌላ ሰው ቋንቋ ጆሮው የማይገባ የለም። ታዲያ ሁሉም ለምን አልለመደም?

እህል ተራ ቆም ብላችሁ አዳምጡ። ከኮንዶሚኒየም የመጣች ገዢ ጤፉን ዘግና እያየች «ሜቃ?» ትላለች። ሻጩ ዋጋውን የሚነግራት በአማርኛ ነው። ሁለተኛ የኦሮምኛ ቃል ስታፈላልግ እሱ ስለ ጤፉ ንጣት፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብና ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ተናግሮ ጨርሷል። ሌላ ገዢ እየጠበቀው ነው፤ ደግሞም እንግዳን በቋንቋ ማስቸገር ነውር ይመስለዋል። ገበያው ያለ እሷ ኦሮምኛ ይሄዳል፣ ያለ እሱ አማርኛ ግን አይሄድም። ስለዚህ እሱ ሁለት ቋንቋ ይዟል፤ እሷ ዓመታት ኖራም የያዘችው ዋጋ መጠየቂያዋን ነው። ይህን ስንፍና ማለት አይገባም። ቋንቋው አጠገቧ ነበር፣ በቋንቋው የምትሠራው ሥራ ግን አልነበራትም።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ ከተናጋሪዎች መሀል መኖር የሚሰጠን ቋንቋውን በሙሉ አይደለም፤ በዚያ ቋንቋ እንድንሠራው የተፈቀደልንን ሥራ ያህል ብቻ ይሰጠናል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ከካናዳ ላንሣ። ሞንትሪያል አጠገብ ባለችው ሴንት ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1965 እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናት ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ እንዲጀምሩ ተደረገ። ሙከራው ተስፋፍቶ ለብዙ አገር አርአያ ሆነ። በእንዲህ ያሉ ክፍሎች ያደጉ ልጆች በመስማትና በማንበብ የአፍ መፍቻ ተናጋሪዎችን ተጠጉ። ሲናገሩና ሲጽፉ ግን ከዓመታት በኋላም የሰዋስው ስህተት አለቀቃቸውም። ተመራማሪዋ ሜሪል ስዌይን እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረበችው ማብራሪያ ያሳምነኛል፦ ልጆቹ የሰሙት አላነሰም፣ አጥርተው እንዲናገሩ የሚያስገድዳቸው ግን አልነበረም።

የእኛም ትምህርት ቤት ከዚህ አይርቅም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ በወረቀት ላይ ተማሪው በቋንቋው ተከቧል። ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ በእንግሊዝኛ ጽፎ በአማርኛ ያስረዳል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ አገር አቀፍ ፈተናው ደግሞ ምርጫ ነው። አንድ ሙሉ ሐሳብ በእንግሊዝኛ አስረድቶ ሳያውቅ 12ኛን ይጨርሳል።

በሥራ ቦታም ነገሩ ያው ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስመር በደቡብ በኩል የሚያበቃው ቃሊቲ ነው። መጀመሪያ ላይ ቻይናውያን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ይሠሩ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ዕቃ የሚያወርድ ሠራተኛና ብልሽት የሚያሳውቅ ቴክኒሺያን አንድ ግቢ ይዋሉ እንጂ አንድ ቋንቋ አይማሩም። ለመጀመሪያው በጣት ማሳየትና «ቶሎ ቶሎ» ይበቃሉ። ሁለተኛው ምን እንደተሰማ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተነካ፣ ባይጠገን ምን እንደሚከተል ማስረዳት አለበት። ያለፈውን፣ ምክንያቱንና «ቢሆንስ» የሚለውን ሁሉ ሥራው ከአፉ ያወጣዋል። የውጭ ድርጅት ሲመጣ የቋንቋ ኮርስ ስለመከፈቱ እንጠይቃለን፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ወጣቶቻችን በየትኛው ወንበር እንደሚቀመጡ ነው።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚያመኝ ዐረብ አገር በሚሄዱት እህቶቻችን ላይ ነው። ከቤይሩትና ከሪያድ የተመለሱ የአቃቂ ሴቶች በዐረብኛ ሲጨዋወቱ ሰምቻለሁ፤ ፍጥነታቸው ያስደንቃል። ያለ መምህርና ያለ መጽሐፍ ይህን ማድረግ ትልቅ ችሎታ ነው፤ በአገራችን ግን ማንም እንደ ትምህርት አይቆጥርላቸውም። ሆኖም ቤቱ የሚያስተምረው ለቤቱ የሚጠቅመውን ነው። የቋንቋ ተመራማሪዋ ፊዳ ቢዝሪ ሊባኖስ ውስጥ በስሪላንካውያን የቤት ሠራተኞችና በአሠሪ ማዳሞቻቸው መካከል የተፈጠረውን ዐረብኛ አጥንታለች። በዚያ ዐረብኛ ግሱ በብዛት ለሴት የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። «አምጪ»፣ «አጽጂ» ሲባል የምትውል ሴት ስለ ራሷም ሆነ ስለ ሌላው ስትናገር ያንኑ ቅርጽ ይዛ ትናገራለች፤ ሌላ የሰጣት የለማ።

አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ የምትሄድ ሠራተኛ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት አዝዟል። ለዚህ የሚሰጠው ሥልጠና ግን የዕቃ ስምና የወጥ ቤት ትእዛዝ እንዲያስተምር ብዙም አያስፈልግም፤ ያንን ማዳሟ በሳምንት ውስጥ ታስይዛታለች። ሥልጠናው ሊያስጠናት የሚገባው «ደሞዜ አልተከፈለኝም»፣ «አሞኛል፣ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ»፣ «ፓስፖርቴን ስጡኝ»፣ «ይህ በውሉ ላይ የለም» የሚሉትን ነው፤ እነዚህን በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ከእሷ መስማት አይፈልግምና።