ምርመራ የቀደመው ምጽዋት

በዚህ ዘመን አስተዋይ የሚባለው ሰው እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት አፉን የሚከፍትበት አንድ ልማድ እየሰፋ መጥቷል፤ ይኸውም የተቸገረውን ሰው «ጤነኛ ነህ፤ ጉልበት አለህ፤ ለምን ሠርተህ አትበላም?» ብሎ መመርመር፣ መልሱን ግን ሳይሰሙ ማለፍ ነው። ይህ ልማድ ከጥበብ ተቆጥሮ ሲመሰገን፣ ለልጆችም እንደ ምክር ሲነገር እሰማለሁ፤ እኔ ግን የዳኛ ካባ የለበሰ ንፍገት ሆኖ ነው ያገኘሁት። በየትኛውም ከተማ ቢደረግ የሚያሳዝን ነው፤ በጎንደር ፒያሳ ሲደረግ ግን ከማሳዘን አልፎ የገዛ ታሪክን መካድ ይሆናል።

ለምን ቢሉ፣ አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ የቆረቆሯት ይህች ከተማ ስሟ የገነነው በግንቡ ብቻ ሳይሆን በጉባኤዋም ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ የተደራጀባት፣ የበአታ አቋቋም ለመላው ኢትዮጵያ አብነት የሆነባት፣ ብሉዩና ሐዲሱ፣ ሊቃውንቱና መነኮሳቱ እየተባለ አራቱ ጉባኤ የተዘረጋባት ከተማ ናት። ግንቡን ያሠራው የነገሥታት ግብር ሲሆን፣ ጉባኤውን ያቆመው ግን ከየድሃው መሶብ የተቆረሰ እንጀራ ነው።

ያን እንጀራ የበላው ማን እንደ ነበረ እናስታውስ። የቆሎ ተማሪው ሽባ አልነበረም፤ ዕውርም አልነበረም። ከጎጃምና ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተራራውን ወጥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ በእግሩ የመጣ፣ እርፍ ሊጨብጥ የሚችል፣ ውሻ ሲጮህበት በዱላው የሚመክት ጎረምሳ ነበረ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የቤቱ እመቤት፣ ብዙውን ጊዜ ፊደል ያልቆጠረች ሴት፣ ከሥራዋ ተነሥታ ቁራሽ ታመጣለታለች፤ ሆዷ የራራ እንደ ሆነ ደግሞ ከላዩ ሽሮ ጣል ታደርግበታለች። እርሱም የዕለቱን በልቶ፣ የተረፈውን በጎጆው ደጅ በፀሐይ አስጥቶ ለክረምት ድርቆሽ ያደርገዋል፤ ማታም ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ቀለሙን ይቀጽላል። ያች ሴት «እንዲህ ያለ ወጠምሻ ምነው ቢያርስ» ብላ በሯን ዘግታ ቢሆን ኖሮ፣ ጎረቤቷም እንደ እርሷ፣ የጎረቤቷም ጎረቤት እንዲሁ አድርጋ ቢሆን ኖሮ፣ ጉባኤው በአንድ ክረምት በተፈታ ነበር። ዛሬ በሊቃውንቱ ስም የምንኮራ ሰዎች የእነዚያን ሴቶች ስም አናውቅም፤ ይባስ ብለን እነርሱ ያላደረጉትን ምርመራ እኛ ዕውቀት አድርገን ይዘነዋል።

የዛሬውን ጎረምሳ ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው። ከዳባት፣ ከደባርቅና ከጃናሞራ ደጋ ብዙ ወጣት በሰሊጥ አጨዳ ወራት ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርዳል። ከእነዚህም አንዱ በሜዳ ሲያድር የአሸዋ ዝንብ ይነድፈዋል፤ ከወራት በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ሲለው፣ ሥጋው ሲመነምንና ጣፊያው ሲያብጥ ካላዛር መሆኑ ይታወቅና ጎንደር ሆስፒታል ገብቶ ብዙ ቀን መርፌ ይወጋል። ድኖ ሲወጣ የአጨዳው ገንዘብ አልቋል፤ ለደባርቅ መሳፈሪያ እንኳ የለውም። ስለዚህም ፒያሳ ወጥቶ በፖስታ ቤቱ አካባቢ ቆሞ፣ በሐፍረት የቃሉን ግማሽ እየዋጠ፣ ለመሳፈሪያ ይለምናል። መርማሪው ደግሞ ማኪያቶውን ጠጥቶ ሲወጣ ትከሻውን ያይና «አንተ ደግሞ ምን ጎደለህ?» ይለዋል። ጣፊያ በሸሚዝ ላይ አይታይም። በጦርነት ምክንያት ከቀዬው የተፈናቀለውም ሰው እንዲሁ ነው፤ የተቃጠለውን ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ ስለማይዞር፣ ለሚያየው ሁሉ ሥራ ፈት ይመስላል።

ጉልበት ብቻውን እንጀራ እንደማይሆን ይህ አገር በክፉ ቀን ተምሮ ነበር። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን መሐዲስቶች ጎንደርን ካቃጠሉ በኋላ የከብቱ እልቂት ደርሶ፣ ድርቁና አንበጣው ተጨምሮበት እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በቆየው ረኃብ ያለቀው ጎበዝ ገበሬ ክንዱ አልዛለም ነበር፤ የሞተው በሬው ነው። ያን ጊዜ ለምን አታርስም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ እብድ በተባለ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ መርማሪው ብዙውን ጊዜ አስቀዳሽ መሆኑ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ይተርክለታል፤ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ያ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውኃ ስለ ሰጠ እንደ ተማረ ይሰማል፤ እልልም ይላል። ከዚያ ከቅጽሩ ሲወጣ በደጀ ሰላሙ ከተቀመጡት ነዳያን ማን ተገቢ፣ ማን አስመሳይ እንደ ሆነ ሲለይ ይታያል። ስድስቱን ቃላተ ወንጌል በቃሉ ያውቃቸዋል፤ በዚያ በመጨረሻው ፍርድ ላይ ግን የሚጠየቀው ያላበላው ሰው እንጂ የተራበው እንዳልሆነ አላስተዋለም። በአዲስ ዓለም ሰፈር ያሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ሰደቃ ሲያወጡ ቀኝ የሰጠውን ግራ እንዳያውቅ ይጠነቀቃሉ፤ የተቀባዩን ገመና በአደባባይ መዘርዘር በየትኛውም ሃይማኖት ጽድቅ አይደለም።

ይህ ድሃን መርምሮ የመለየት ነገር ስልጣኔ ነው የሚሉም አሉ። እንግሊዞች በ1834 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት የድሆች ሕግ ሞክረውታል፤ ሰነፍ እንዳይጠቀም ብለው ርዳታውን ከዝቅተኛው ሠራተኛ ኑሮ የከፋ አድርገው፣ ባልና ሚስት ለያይተው በድሆች ማሠሪያ ቤት አስገቡ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ያን ሕግ የሚያነሡት በሐፍረት ነው።

በእርግጥ ልመናን ንግድ ያደረገ፣ የሰው ሕፃን ተከራይቶ በፀሐይ የሚያውል፣ ቁስል የሚሠራ አታላይ የለም አልልም፤ አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የርዳታ ድርጅት የሕዝብን እህል ሲያከፋፍል መዝግቦና አጣርቶ ቢሰጥ ደግሞ ግዴታው ነው፤ የያዘው የሌላ ሰው ገንዘብ ነውና። የመንገዱ አላፊ ግን መዝገብም ሥልጣንም የለውም። ቢታለል የሚያጣው የአንድ ሻይ ዋጋ ነው፤ ቢሳሳትና እውነተኛውን ችግረኛ ቢያዋርድ ግን፣ ያ ሰው ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ለመለመን አፉ ላይከፈትለት ይችላል። ከዚህም በላይ፣ «ለምን አትሠራም?» ብለው ከጠየቁት መካከል «ና፣ ነገ ከእኔ ጋር ሥራ» ያለ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። ጥያቄው የሥራ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ሥራ ይከተለው ነበር።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በፒያሳ ስታልፍ ሳንቲም ባይኖርህ እንደ አባቶችህ «እግዜር ይስጥህ» ብለህ እለፍ፤ ይህ ማንንም አያዋርድም። ሥራ ካለህ ደግሞ የት እንደ ሆነና የቀኑን ስንት እንደምትከፍል ንገረው። ከእነዚህ አንዱንም የማታደርግ ከሆነ ምርመራውን ተው።