«ቴዲ ተለወጠ» የሚለው ሰው የትኛውን ቴዲ ነው የሚፈልገው?

ከደብረ ብርሃን ወደ እነዋሪ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ የቴዲ አፍሮን ዘፈን ከከፈተ ክርክር አይጠፋም። ከኋላ ወንበር አንዱ «ኧረ የድሮውን አድርግልን» ይላል። ጋቢና የተቀመጠው ወጣት ዞር ብሎ «የድሮው የትኛው ነው?» ይለዋል። ጥያቄው ቀልድ ይመስላል እንጂ ከባድ ነው። ለአንዱ የድሮው ቴዲ በ1993 የወጣው «አቡጊዳ» ነው። ለሌላው የ1997ቱ «ጃ ያስተሰርያል»። በ2004 ገና ተማሪ ለነበረው ደግሞ የድሮ ማለት «ጥቁር ሰው» ነው። ሁሉም ሰውዬው ተለውጧል በሚለው ይስማማሉ፤ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ ግን የሚስማሙ ሁለት ሰዎች አይገኙም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ አብዛኛው አድማጭ ቴዎድሮስ ካሣሁንን የሚለካው በዘፈኑ ሳይሆን ዘፈኑ በወጣበት ሰሞን አገሪቱና አድማጩ ራሱ በነበሩበት ሁኔታ ነው።

«ጃ ያስተሰርያል» የወጣው ምርጫ በተካሄደበት ዓመት ነው። መልእክቱ ሥርዓት በሥርዓት ላይ ቂም መቆለሉ ቀርቶ ይቅርታ ይቅደም የሚል ነበር። ከምርጫው በኋላ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ደም ፈሰሰ፤ አጣሪ ኮሚሽኑም 193 ሲቪሎች መገደላቸውን መዘገበ። በዚያ ሰሞን ያው ዘፈን የተቃውሞ መዝሙር ሆነ። በመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን አይሰማም፤ በታክሲና በሙዚቃ ቤት በር ላይ ግን ከእሱ ሌላ የሚሰማ አልነበረም ማለት ይቻላል። ልብ ይሏል፤ እንደ ክስ የተሰማው ይቅርታን የሚለምን ዘፈን ነው። ከዚያ ወዲህ ቴዲ ዘፋኝ ብቻ ሆኖ የመኖር ዕድል አላገኘም።

በ2000 በመኪና ሰው ገጭቶ በመግደልና በማምለጥ ተከሶ ታሰረ። አልፈጸምኩም ብሎ ተከራከረ፤ ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ በይግባኝ ወደ ሁለት ዓመት ወርዶለት በነሐሴ 2001 ተፈታ። ደጋፊው «ፖለቲካ ነው» አለ፣ ነቃፊው «ሕግ ነው» አለ። የሞተው የጎዳና ተዳዳሪ ወጣት ግን ከሁለቱም ወገን ወሬ ውስጥ ጠፋ። የአንድ ሰው ዝና ምን ያህል ነገር እንደሚሸፍን ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

ከዚያ «ጥቁር ሰው» መጣ። ይህ ዘፈን ለሰሜን ሸዋ አድማጭ የታሪክ ትምህርት አይደለም፤ የጎረቤት ወሬ ነው። ምኒልክ የተወለዱት ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው አንጎለላ ነው፤ የሸዋ ንጉሥ ሆነው የተቀመጡት አንኮበር ነው። በጅሩ ሜዳ በሬ የሚያደልብ ገበሬ ስለ አድዋ ሲሰማ ስለ ቅድመ አያቱ እንደሚሰማ ነው የሚቆጥረው። ሌላ ቦታ፣ ለሌላ አድማጭ፣ ያው ስም የቁስል ስም ነው። ዘፈኑ ውስጥ የኦሮምኛ ስንኝ መኖሩም ይህን ልዩነት አላጠበበውም። በ2006 አንድ መጽሔት ላይ የምኒልክን ዘመቻ የሚያወድስ ቃል ተናገረ ተብሎ ሲወራ፣ እሱ አላልኩም ቢልም፣ ስፖንሰሩ በነበረው በደሌ ቢራ ላይ የ«አትጠጡ» ዘመቻ ተከፈተ፤ የቢራው ባለቤት ሄኒከንም ከታቀደው የሙዚቃ ጉዞ እጁን አወጣ። በዚያ ሁሉ ሰሞን ስለ ምኒልክ ብዙ ተጻፈ። ስለ ዘፈኑ ዜማ፣ ስለ ግጥሙ አወራረድ የጻፈ ግን ስንት ነው?

በሌላው ዓለምም ታዳሚ ተለወጠብኝ ብሎ ይቆጣል። ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ. በ1965 ኒውፖርት ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ ተጮኸበት፤ በዓመቱ ማንቸስተር ላይ ከታዳሚው መካከል አንዱ «ይሁዳ» ብሎ ሰደበው። ያ ሰው የተናደደው በድምፁ ነው። የለመደው ጊታር ተቀይሮበት ነው። እዚህ አገር በቅንብር ምክንያት ቴዲን የሰደበ አልታየም። ሬጌውን ቢተው፣ ማሲንቆ ቢያስገባ፣ ኪቦርድ ቢያበዛ ማንም ግድ አልሰጠውም። የሚመዘነው አቋሙ ነው፤ ዜማው አቋሙን የሚሸከም አህያ ተደርጎ ነው የሚታየው።

ጥላሁን ገሠሠስ? በንጉሡም በደርግም በኢሕአዴግም ዘመን ዘፍኗል፤ በ2001 ሲያርፍ አገር በሙሉ አለቀሰለት። «ተገለበጠ» ያለው የለም። ለዚህ ብዙዎች የማያነሱት አንድ ምክንያት አለ። ጥላሁን የዘፈነው በአብዛኛው የሌሎችን ግጥምና ዜማ ነው፤ ጥፋት ካለ ከገጣሚው ጋር ይካፈለዋል። ቴዲ ግን ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ነው የሚሠራው። የሚደበቅበት ሰው የለውም። እያንዳንዷ ስንኝ የእሱ ቃል ተደርጋ ትያዛለች፤ ቃል ደግሞ ያስጠይቃል።

እንግዲህ አቋሙን ወደ ጎን አድርጎ ሥራውን ብቻ የሚመረምር ሃያሲ ቢኖር ምን ያገኝ ነበር? ምናልባት እንዲህ የሚል ነገር፦ የቴዲ ትልቁ ጉልበት ነገሥታቱ ላይ አይደለም። «ሸመንደፈር» ውስጥ በሃይማኖት የተለያዩ ሁለት ወጣቶች ፍቅር አለ፤ ማንም አልነገሠም፣ ማንም አልዘመተም፤ አገር ግን ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ አለች። በ2009ኙ «ኢትዮጵያ» አልበም ውስጥም «ማር እስከ ጧፍ» የሐዲስ ዓለማየሁን በዛብህና ሰብለወንጌልን ይዞ ሲመጣ ያው ጥበብ ተመልሷል። «አፄ ቴዎድሮስ»ን የመሰለው ሥራ ግን ደረትን ያስነፋል እንጂ እንደ ሰው ታሪክ ውስጥ አይገባም። አድማጩ አብሮ የሚጮኸው ዘፈን ሁሉ ጥሩ ዘፈን ነው ማለት አይደለም። ከአልበም ወደ አልበም ታሪኩ እየገዘፈ፣ ሰዎቹ እያነሱ መጥተዋል። ይህ በደንብ ሊያከራክር የሚችል ነጥብ ነው፤ የተሳሳተም ሊሆን ይችላል። ችግሩ ይህን የሚናገር ሰው ወዲያው «አንተ የማን ነህ?» ተብሎ መጠየቁ ነው። ደጋፊው ትችትን ሁሉ የአገር ጠላትነት ያደርገዋል፤ ነቃፊው ደግሞ አንድም ዘፈን ሳይሰማ ይፈርዳል። መሃል ላይ የቀረ ሃያሲ ዝም ይላል።

መንግሥትም የራሱን ድርሻ አዋጥቷል። «ኢትዮጵያ» አልበም በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ በአዲስ አበባ ሒልተን ሊደረግ የነበረው የአልበሙ ዝግጅት በፖሊስ ተከለከለ። በጥር 2010 ባሕር ዳር ላይ መድረክ ሲያገኝ ስታዲየሙ የሞላው ለሙዚቃ ብቻ አልነበረም። የተከለከለ ዘፋኝን ማንም በነፃነት ሊተች አይፈልግም፤ ከከልካዩ ጋር መሰለፍ ይመስላልና። እገዳው ሥራውን ከሂስ ጋረደለት።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት የመጡት ነጠላ ዜማዎች ናቸው። «ደሞ በአባይ» ብዙዎችን አስማማ። በሐምሌ 2014 «ናዕት» ሲወጣ ድምፁ ሌላ ሆነ፤ ተስፋ የሚሰጠው ሰው ሐዘንና ወቀሳ ይዞ መጣ። በ2010 ለውጡን ሲያሞግሱ የነበሩ «ጨለምተኛ ሆነ» አሉት። ሌሎች «አሁን ገና ነቃ» አሉት። ሁለቱም ወገን ስለ ራሱ ነበር የሚያወራው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ተስፋው የት እንደደረሰ ማወቅ የፈለገ ሰው ዘፈኑን ትቶ እነዚያን አስተያየቶች ቢያነብ ይበቃው ነበር።

ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገባ። የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በተዘጋበት በዚያ ወቅት ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ በሚሞሪ ካርድ ይተላለፍ ነበር። ያኔ ጥያቄው ተቀየረ፤ «ምን ዘፈነ?» መሆኑ ቀርቶ «ለምን አልዘፈነም?» ሆነ። ዝምታውም እንደ አልበም ይተነተን ነበር። ልጁን የቀበረ ሰው ይህን ቢጠይቅ ማንም ሊቆጣው አይገባም። ግን ከአንድ ዘፋኝ የሚጠበቀው ሸክም ምክር ቤትም ፍርድ ቤትም ጋዜጣም መሸከም ያቃታቸውን መሆኑን አለማየት ይከብዳል። እነሱ በሠሩበት አገር ዘፋኝ አዲስ የፍቅር ዘፈን ይዞ ቢመጣ «በዚህ ጊዜ?» የሚለው ባልኖረ ነበር።

ሚኒባሱ እነዋሪ መግቢያ ላይ ሲደርስ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ሳያልቅ ይቋረጣል። ሰው ጆንያውን ማውረድ አለበት። ሾፌሩ ፍላሹን ሊነቅል ሲል አንዲት እናት ገና ከወንበራቸው ሳይነሱ «ሸመንደፈር ይጨርስ ልጄ፣ ከዚያ ትነቅለዋለህ» ይሉታል።