ጠላ የሌለበት የቢራ ጉዞ

ባለፈው ጥር ሁለት ቤልጅጋውያን የሥራ ባልደረቦቼን ይዤ ከብራስልስ አዲስ አበባ ገብቼ ነበር። ሥራችንን ከጨረስን በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተረፈንና፣ በእነርሱ ጥያቄ፣ «የምግብና የቢራ የእግር ጉዞ» የሚባለውን በአስጎብኚ የሚመራ መርሐ ግብር ገዛን። ዋጋው በነፍስ ወከፍ 60 ዶላር ነው። ከፒያሳ ተነሥተን በአራት ሰዓት ውስጥ ስድስት ቤቶች አዳረስን። ማኪያቶ ጠጣን፤ ሳምቡሳ ቀመስን፤ ክትፎና ጥብስ በላን፤ ከሦስተኛው ቤት ጀምሮ ደግሞ በየቤቱ አንዳንድ ጠርሙስ ቢራ ቀረበልን። አስጎብኚው ትሑትና የተማረ ወጣት ነበር። ስለ ጣይቱ ሆቴል፣ ጣልያኖች ትተውት ስለሄዱት የሰፈር ስም፣ ስለ ክትፎ አበሳሰል ሲያስረዳ ለዛ አለው። ቅሬታዬ በእርሱ ላይ አይደለም።

አራተኛው ቤት ስንደርስ ከባልደረቦቼ አንዷ የሚገባውን ጥያቄ ጠየቀች፦ ፋብሪካ ከመምጣቱ በፊት ሰዉ ምን ይጠጣ ነበር? ወጣቱ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረና በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ ጠላ ለፈረንጅ አይሆንም፤ ንጽሕናው አያስተማምንም፤ ድርጅታችንም አይፈቅድልንም» አለኝ። ለእንግዶቹ ግን በእንግሊዝኛ፣ «ድሮ በየቤቱ የሚጠመቅ መጠጥ ነበር፤ አሁን ብዙም አይገኝም» አላቸው። ይህ ሁለተኛው አባባል እውነት አይደለም። ከተቀመጥንበት ቤት ጀርባ፣ ሁለት ቅያስ አለፍ ብሎ፣ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ በዚያው ዕለት ጠዋት በዓይኔ አይቻለሁ። ጣሳ የተደፋበት ደጅ ምን እንደሚሸጥበት ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማስረዳት አያሻኝም።

የምሟገተው ስለ አንድ ጉብኝት ጉድለት አይደለም። በአንድ ከተማ ውስጥ እንግዳን ምግብና መጠጥ እያስቀመሱ ማዞር መዝናኛ ብቻ ይመስላል እንጂ፣ በተግባር የትኛው ሙያ እንዲኖር፣ የትኛው ደግሞ እንዲጠፋ የሚወስን የኢኮኖሚ ምርጫ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ምርጫ በተሳሳተ አቅጣጫ እየተደረገ ነው። ተጠያቂነቱም በከፊል በእኛ፣ ዶላርና ዩሮ ይዘን በምንሄደው፣ ላይ ይወድቃል።

በመጀመሪያ የጠጣናቸውን ጠርሙሶች እንመልከት። አስጎብኚው ሁሉንም «የኛ ቢራ» እያለ ነው ያቀረበልን። ቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመ አንጋፋ ተቋም ነው፤ ከ1998 ጀምሮ ግን ባለቤትነቱ የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን ነው። ሐረርንና በደሌን ሄኒከን በ2011 በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛቸው። ሜታን ዲያጂዮ በ2012 በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም ለካስቴል አስተላለፈው። ይህን ስጽፍ የውጭ ካፒታልን ለማውገዝ አይደለም። ፋብሪካዎቹ ታክስ ይከፍላሉ፤ ሠራተኛ ይቀጥራሉ፤ የአርሲ ገብስ አምራችም ገበያ አግኝቶባቸዋል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር የሚገበያዩ፣ የማስታወቂያ ክፍል ያላቸው ኩባንያዎች የእግረኛ ቱሪስት ድጋፍ ያስፈልጋቸዋልን? አንድ ጎብኚ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ መጥቶ፣ አገሩ ካለው የላገር ቢራ በብዙ የማይለይ ላገር በማያውቀው ስም ታሽጎ ቢሰጠው፣ ስለ ከተማችን ምን ተማረ?

አሁን ወደምኖርባት ከተማ ልሻገር፤ ንጽጽሩ ለክርክሬ ዋና ነውና። በብራስልስ፣ አንደርሌክት በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ ካንቲዮን የሚባል እ.ኤ.አ. በ1900 የተመሠረተ የቤተሰብ መጥመቂያ አለ። የሚጠምቀው ላምቢክ የተባለውን ጥንታዊ ቢራ ነው። ስንዴና የገብስ ብቅል ተፈልቶ፣ ፈሳሹ በጣሪያ ሥር በተዘረጋ ሰፊና ጥልቀት በሌለው የመዳብ ገበታ ላይ ሌሊቱን ተገልጦ ያድራል። እርሾ የሚጨምርበት ሰው የለም፤ ከአየሩና ከቤቱ የሚያርፉበት ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው የሚያፈሉት። ከዚያም በእንጨት በርሜል ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል። መጥመቂያው የሸረሪት ድር አለበት፤ ወለሉ አሮጌ ነው፤ በርሜሎቹ ጥቁር ናቸው። መጠጡ ይጎመዝዛል። መጀመሪያ የቀመስኩት ዕለት በልቡናዬ የመጣው የአያቴ ጓዳ ነው።

በከተማዋ የነበሩት ሌሎች የላምቢክ ጠማቂዎች አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ ጣፋጭና ጥርት ያለ የፋብሪካ ቢራ ገበያውን ሲወስድ፣ የካንቲዮን ባለቤቶች በ1978 መጥመቂያቸውን ሥራውን ሳያቆሙ ሙዚየም አድርገው ለጎብኚ ከፈቱት። የጎብኚ ክፍያና የጎብኚ ወሬ ቤቱን እንዲቆም አገዘው። ዛሬ ብራስልስ ውስጥ የምግብና የቢራ የእግር ጉዞ የሚያዘጋጅ ሰው ላምቢክን ቢዘል እንግዳው ገንዘቡን ይጠይቃል። በ1997 የላምቢክ ስም በአውሮፓ ኅብረት ደረጃ እንደ ባህላዊ ምርት ተመዝግቦ ጥበቃ አገኘ። በ2016 ደግሞ የቤልጅግ የቢራ ባህል በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፦ መጀመሪያ ጎብኚው መጣ፤ ሕጉና ክብሩ ኋላ ተከተሉ።

በማግሥቱ እሑድ፣ ያለ አስጎብኚ፣ ጣሳው ወደተደፋበት ደጅ ሄድኩ። ባለቤቷ በስድሳዎቹ የሚገኙ እናት ናቸው። ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው፤ ደንበኞቻቸው የቀን ሠራተኞች፣ ዘበኞችና ሁለት ጡረተኞች ነበሩ። ጉሽ ይሻለኝ ወይስ የጠለለ ብለው ጠየቁኝ። በሥራቸው እንደሚኮራ ባለሙያ፣ ሳልጠይቃቸው አሠራሩን ነገሩኝ። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጢስ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ ይከተላል፤ ቂጣው ተጋግሮ ይገባል፤ ድፍድፉ ሰንብቶ ውኃ ይጨመርበትና ይከደናል። ግራዋውና ጢሱ ለወግ ብቻ የሚደረጉ አይደሉም፤ አላስፈላጊውን ተሐዋሲ የሚቀንሱት እነርሱ ናቸው። ጌሾ በጠላ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሆፕ በቢራ ውስጥ ከሚሠራው ይቀራረባል፤ ያመርረዋል፤ እንዳይበላሽም ያግዘዋል። ከላምቢኩ የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር ቢኖር ጠማቂዋ ስም፣ ፈቃድና ጎብኚ የሌላት መሆኗ ነው።

ሰፈራቸው ለመልሶ ማልማት እንደሚነሣ ተነግሯቸዋል። በ2024 ዶሮ ማነቂያ ከፒያሳ ገጽ ሲጠፋ ጎረቤት ሰፈር ሆነው ያዩ በመሆናቸው፣ ነገሩን እንደ ወሬ አይቆጥሩትም። ኮንዶሚኒየም ይሰጠኛል ብለው ተስፋ አድርገዋል፤ ስለ ቤቱም ክፉ አልተናገሩም። «እትዬ፣ እዚያስ ይጠምቃሉ?» ብላቸው ግን ሳቁ። «አራተኛ ፎቅ ላይ ጋን ላጥን ብል እሳት አደጋ ይጠሩብኛል፤ አተላውንስ የት እደፋዋለሁ ወንድሜ?» አሉኝ። አሁን አተላውን ከብት የሚያደልብ ሰው እየመጣ ይወስድላቸዋል። ይህ ሥራ ግቢ፣ ጢስ መውጫ፣ ውኃ፣ አተላ የሚወስድ ጎረቤትና በእግሩ የሚመጣ ደንበኛ ይፈልጋል። አንዱ ሲጎድል ሁሉም ይቆማል። ማንም «ጠላ ይከልከል» ብሎ ሳያውጅ፣ በፎቅ ንድፍ ብቻ ሙያው ይጠፋል ማለት ነው።

ይህ የግድ መሆን አልነበረበትም። የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር ሲጀመር ነድፈው ያወጡት ባለሙያዎች ነዋሪው እንጀራ እንደሚጋግርና በግ እንደሚያርድ ዐውቀው፣ ኮሚናል የሚባለውን የጋራ ቤት ከየሕንፃዎቹ መካከል ሠርተዋል። ብዙዎቹ ኮሚናሎች ዛሬ ለሌላ አገልግሎት ውለው ሊሆን ይችላል፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። እንጀራና እርድ ቦታ ከተሰጣቸው፣ ለሰንበቴና ለጽዋ ማኅበር፣ ለሠርግና ለተዝካር የሚጠመቀው ጠላ የማይሰጠው በምን ምክንያት ነው?

ተቃዋሚዬ የሚያነሣው የንጽሕና ጥያቄ ነው፤ እውነትም አለበት። መጥፎ ጠላ አለ። በወጣትነቴ ሁለት ቀን አልጋ ላይ የጣለኝን አልረሳውም። ውኃው ሊበከል፣ እህሉ ሻጋታ ሊይዝ፣ የአልኮሉ መጠን ከጋን ጋን ሊለያይ ይችላል። መጠጥ በራሱ የሚያደርሰውንም ጉዳት አልክድም። ሆኖም የእነዚህ ችግሮች መፍትሔ ምርመራ ነው፤ መደበቅ አይደለም። ፈቃድ የሌለው ቤት አይመረመርም፤ የማይመረመር ቤት አይታመንም፤ የማይታመን ቤት እንግዳ አይመጣበትም፤ እንግዳ የማይመጣበት ቤት የተሻለ የውኃ ማጠራቀሚያ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። አስጎብኚው «አያስተማምንም» ያለው የዚህን ክብ አዙሪት ውጤት ነው፤ እርሱም ባለማወቅ አንድ ዙር ይጨምርበታል።

በፖሊሲ ሥራ ላይ ያላችሁ አንባብያን አንድ የሕግ ምሳሌ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ ንጽሕና ሕግ በጥብቅነቱ ይታወቃል። ወለልና ግድግዳ የሚታጠብና ፈሳሽ የማይመጥ እንዲሆን ያዛል። ይህ እንዳለ ቢተገበር የዋሻ አይብ፣ የእንጨት መደርደሪያና ጥንታዊ መጥመቂያ ሁሉ ይዘጋ ነበር። ስለዚህ የደንብ ቁጥር 2074/2005 አንቀጽ 7 ባህላዊ ጠባይ ላላቸው ምግቦች ከእነዚህ የሕንፃና የመሣሪያ መስፈርቶች ልዩነት እንዲፈቀድ ለአባል አገሮች ሥልጣን ሰጠ። ደኅንነቱ ግዴታ ሆኖ ይቀጥላል፤ ሕጉ የማያስገድደው ጠማቂው በሙሉ እንደ ፋብሪካ እንዲመስል ነው። ለእኛ የሚያስፈልገው ከዚህ የተለየ አይደለም። ለአነስተኛ የባህል መጠጥ ጠማቂ የሚሆን የፈቃድ ዘርፍ፣ በየጊዜው የሚደረግ የውኃና የእህል ናሙና ምርመራ፣ ዝቅተኛ ክፍያ፣ መልሶ ማልማት በሚደረግበት ቦታ ደግሞ ጢስ መውጫና ፍሳሽ ያለው የጋራ መጥመቂያ ያስፈልጋል። ይህ ለኮሪደር ልማት ከሚፈሰው ወጪ አንጻር የሚቆጠር አይደለም።

አንዳንድ ወዳጆቼ ደግሞ ከሌላ ወገን ይቃወሙኛል። ቱሪስት ከገባ ዋጋው ይወደዳል፤ ዘበኛውና የቀን ሠራተኛው ከራሳቸው ጠላ ቤት ይባረራሉ ይላሉ። ይህ ከንጽሕናው ክርክር ይልቅ ያሳስበኛል። ፍጹም መልስ የለኝም። ነገር ግን ጎብኚው የሚከፍለው ለጣሳው ሳይሆን ለገለጻው ሊሆን ይችላል፤ ጠማቂዋ ጋኗን እያሳየች ላስተማረችበት ሰዓት ከ60 ዶላሩ ድርሻዋን ትውሰድ፣ ጣሳው ለሁሉም በአንድ ዋጋ ይሸጥ። ዛሬ ያለው አማራጭ ደግሞ ጠላ ቤቱ ከነደንበኞቹ መጥፋቱ መሆኑን አንርሳ።

ስለ እኛ የጀመርኩትን ልጨርስ። የጉዞ አዘጋጆቹ ጠላን የዘለሉት ፈረንጅን ፈርተው ብቻ አይደለም። ከባሕር ማዶ የተወለዱ ልጆቹን ይዞ የሚመጣው ኢትዮጵያዊ ዋና ደንበኛቸው ነው፤ እርሱም የታሸገ ውኃ፣ የታሸገ ቢራና ንጹሕ መጸዳጃ ይጠይቃል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ተቀምጠን ስለ ማንነት የምንጽፍ ሰዎች፣ ቦሌ ስንደርስ የምንመርጠው አገር ቤት የሌለንበትን ያህል የራቀ ቤት ነው። እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። ብራስልስ ላይ የሸረሪት ድር ሥር ቆሜ የጎመዘዘ ቢራ ውድ ዋጋ ከፍዬ ስጠጣ «ይህ ነው ባህል» ስል ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ አዲስ አበባ ጠላ ቤት ከገባሁ ግን ያ እሑድ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ ለጉዞ አዘጋጁ ድርጅት ጻፍኩ። በጨዋነት መለሱልኝ፦ ቤቱ ፈቃድ ካለው መርሐ ግብራቸው ውስጥ ለመሞከር ዝግጁ ናቸው። ለሴትዮዋ በዘመድ በኩል አስጠየቅሁ። ወደ ወረዳው ሄደው ነበር፤ የተቀበላቸው ሠራተኛ በዝርዝሩ ላይ ሬስቶራንት፣ ካፌ፣ ግሮሰሪና መጠጥ ፋብሪካ እንዳለ፣ ጠላ ቤት የሚል ግን እንደማያገኝ ነግሮ ሸኝቷቸዋል። ከአራቱ ወደ አንዱ ለመግባት የሚጠየቀው የወለል ስፋትና የመጸዳጃ ብዛት የቀበሌ ቤታቸው የሚችለው አይደለም። ደብዳቤ ጽፈን ለክፍለ ከተማው አስገብተናል። ለፋሲካ የሚሆነውን ጌሾ እስከዚያው ገዝተው አስቀምጠዋል።